ልቅሶዋን ብቻ አትቅረጹ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ዓመት ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ማኅበራችን ድረስ መጥተው ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችንን ቀርጸው ነበር። አንዷ አባላችን የምትሠራበትን የእንጀራ መጋገሪያ ልታሳያቸው ስትነሣ፣ «እሱ ይቆየን፤ መጀመሪያ የደረሰብሽን በደል ንገሪን» አሏት። ነገረቻቸው፤ አለቀሰችም። ፊልሙ ተሠርቶ ሲመጣ ልቅሶዋ እንጂ መጋገሪያዋ የለበትም። «ልጄ ይህን አይታ ምን ትለኛለች?» ስትለን መልስ አጣን። ሰዎቹን የጋበዝናቸው እኛው ነበርንና።

ከዚያ በኋላ ሌሎች የስደተኛን ኑሮ እንዴት እንደሚያሳዩ ማወቅ ፈለግን። ስለ እስያ ስደተኞች የተሠሩ ሁለት ዘጋቢ ፊልሞችን ቡና እያፈላን፣ እንግሊዝኛ የምታውቅ እህታችን እየተረጎመችልን አየን።

አንደኛው ክሪስቲን ቾይ እና ረኔ ታጂማ የሠሩት «ቪንሰንት ቺንን ማን ገደለው?» የተባለው ነው። ቪንሰንት በአሜሪካ በዲትሮይት አካባቢ የሚኖር የ27 ዓመት ቻይናዊ አሜሪካዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 በከተማው «የጃፓን መኪና ሥራችንን ወሰደብን» የሚል ቁጣ በርትቶ ነበር። ቪንሰንት ሊያገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በአንድ የምሽት ክበብ ከሁለት ነጮች ጋር ተጣላ። ተከታትለው በቤዝቦል ዱላ ደበደቡት፤ ከአራት ቀን በኋላ ሞተ። ፍርዱ 3 ዓመት በገደብና ለእያንዳንዳቸው 3 ሺህ ዶላር መቀጮ ሆነ። ፍርዱ በተሰጠበት ዕለት ዓቃቤ ሕጉም እናቱም ችሎት ላይ አልነበሩም።

እናቱ ወይዘሮ ሊሊ ቺን በፊልሙ ውስጥ ያለቅሳሉ። የትኛዋ እናት አታለቅስም? ካሜራው ግን እዚያ ላይ አያቆምም። በሕዝብ ፊት ቆመው ለልጃቸው ፍትሕ ሲጠይቁ ያሳያቸዋል። የደበደበውም ሰው ራሱ ካሜራ ፊት ተቀምጦ ይናገራል፤ ተመልካቹ ሁለቱን ሰምቶ ይፈርዳል። ይህን ስናይ ከመካከላችን አንዲት እናት፣ «የኛን ልጅ የቀረጹት ሰዎች አሠሪዋን ለምን አልጠየቁም?» አሉ። ገዳዮቹ በኋላም ቢሆን ለእስራት አልበቁም። የእናቲቱ ጥያቄ ግን በፊልሙ አማካይነት እስከ ዛሬ ይሰማል።

ሁለተኛው ፊሊፒናዊቷ ቤቢ ሩት ቪላራማ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣችው «የእሑድ የቁንጅና ንግሥት» ነው። በሆንግ ኮንግ በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ፊሊፒናውያን በሳምንት አንዲት በሆነችው የዕረፍት ቀናቸው የቁንጅና ውድድር ያዘጋጃሉ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት ሲያጸዱና የሰው ልጅ ሲያሳድጉ የሰነበቱ ሴቶች እሑድ ዘውድ ይደፋሉ። አንዲት እህታችን፣ «ቤይሩት ሳለን እኛም እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እንዲሁ እንዘንጥ ነበር» ብላ ሁላችንንም አሣቀችን።

ወዲያው ደግሞ ዝም አልን። በዚያ አገር ደንብ የቤት ሠራተኛ ከአሠሪዋ ቤት ውጭ መኖር አይፈቀድላትም። ውሏ ከተቋረጠ በ14 ቀን ውስጥ አገሩን ለቅቃ መውጣት አለባት። እሑድ ማታ አምሽቶ መግባት ሥራን፣ ሥራ ማጣትም አገሩን ሊያሳጣ ይችላል ማለት ነው። ሴቶቹ ሲሥቁም ሲጨነቁም ስላየናቸው፣ ያሰራቸው የራሳቸው ድክመት ሳይሆን ደንቡ መሆኑ ግልጽ ሆነልን።

ስለዚህ ሦስት ነገር ወስነናል። አንደኛ፣ የምትቀረጽ አባል ፊልሙን ከመውጣቱ በፊት ታየዋለች፤ ያልወደደችው ይወጣል። ሁለተኛ፣ በደሏ ሲነገር ሥራዋም አብሮ ይታያል። ሦስተኛ፣ የላካት ደላላ፣ የፈረመችው ውል፣ ፓስፖርቷን የያዘባት ሰው ሁሉ ይጠየቃሉ እንጂ እሷ ብቻ አትጠየቅም።

ደጋፊዎቻችን፣ ልቅሶ ያለበት ፊልም ብዙ ዕርዳታ እንደሚያስገኝ እናውቃለን፤ ማኅበራችንም ገንዘብ ያስፈልገዋል። በዚህ ውሳኔ ምክንያት የሚቀርብን ዕርዳታ ሊኖር እንደሚችል ተነጋግረንበታል። እናንተ ግን ልቅሶ አይታችሁ ብቻ የምትረዱን እንዳልሆናችሁ እናምናለን። እህታችን መጋገሪያዋን ልታሳያችሁ ዝግጁ ናት። መጥታችሁ እዩላት።