አሮጌውን የጀልባ ሞተር ስለ ማደስ



ዛሬ የምንነጋገረው በትንሽ የሸራ ጀልባ ሆድ ውስጥ ስለሚቀመጥ ባለ ሁለት ምት የቤንዚን ሞተር ነው። ነፋሱ ሲተኛ፥ ማዕበሉም ጀልባዋን ወደ አለት ሲገፋት፥ የሰው ሕይወት በዚህ ብረት ላይ ይወድቃል።

እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዴይ ባዝ በተባለች ከተማ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1891 ያስመዘገበው ሞተር፥ ፒስተኑ ሲወርድ ከበታቹ ያለውን የነዳጅና የአየር ድብልቅ ጨምቆ ወደ ሲሊንደሩ ያሻግራል። እንግዲህ ከፒስተኑ በታች ያለው ሣጥን እንደ ፓምፕ የሚያገለግል ስለሆነ ማስተንፈስ የለበትም። ብዙ ሰዎች አሮጌው ሞተር አልነሣ ሲላቸው ካንዴላና ካርቡራተር ይለዋውጣሉ፤ በሽታው ግን ባረጀ ጓርኒሲዮን በኩል የሚያመልጠው ግፊት ሊሆን ይችላል።

ፒስተኑ በዝገት ከተያዘ መዶሻ አያስፈልግም፤ ሰርጎ የሚገባ ዘይት አፍስሶ ቀናት መታገሥ ነው። ሞተሩን የባሕር ውኃ የሚያቀዘቅዘው ከሆነ፥ በውኃው መንገድ የተጋገረው ጨውና ዝገት ይጠረግ፤ አለዚያ ሞተሩ ይግላል። ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ስለሚገባ ልኩን ማጉደል ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ጋር ማጣበቅ ነው። ከሁሉ በላይ፥ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ወለል ሥር ይተኛል፤ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ስለዚህ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ወለሉ ይከፈት፥ ይናፈስም።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ይህን የምንናገረው ሁላችንም ጀልባ እንድንገዛ አይደለም። የተበላሸውን ከመጣላችን በፊት «ግፊቱ የት አመለጠ?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ትምህርት ነው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያየነውን ሕግ እጃችን በዘይት ጨቅይቶ ካላገኘው፥ የተማርነው ግማሹን ብቻ ነው።