የናፍጣ መኪና ፍሬን ሲደርቅ

(ድምፅ፦ የናፍጣ ሞተር ይነሳል)

በቤንዚን መኪና ፍሬን የሚረግጠውን እግር የሚያግዘው ሞተሩ ራሱ ነው። ሞተሩ በጠባብ በር አየር ሲስብ ከበሩ ጀርባ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ሰርቮ የሚባለው የፍሬን አጋዥ በዚህ የግፊት ልዩነት ይሠራል። የናፍጣ ሞተር ግን በተለምዶ አየሩን የሚያንቅ በር የለውም። ስለዚህ አየር መጥጦ የሚያወጣ ፓምፕ ይገጠምለታል።

በቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል ሞተሮች ፓምፑ ከዲናሞው ጀርባ ተለጥፎ አብሮት ይዞራል።

ዲናሞ ሲቀየር ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፓምፑ የሚለሰልሰው በሞተር ዘይት ነው፤ በአንድ ቱቦ ይቀበላል፣ በሌላው ይመልሳል። መመለሻው ከታጠፈ ወይም በዝቃጭ ከተደፈነ ዘይቱ ፓምፑ ውስጥ ይታቆራል። ጥንቁቅ መካኒክ ከመግጠሙ በፊት ጥቂት ንጹሕ ዘይት ጨምሮ በእጁ ያዞረዋል፤ የውስጥ ክንፎቹ በደረቁ እንዳይፋተጉ። ከዚያ በኋላ ዋናው ጥገና ዘይትን በወቅቱ መቀየር ነው። ያረጀ ዘይት ክንፎቹን ቀስ በቀስ ይበላቸዋል።

ፍተሻው ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም። ሞተሩ ጠፍቶ ፍሬኑ እስኪደርቅ ደጋግሞ መርገጥ፣ እግር ሳያነሱ ማስነሳት። መርገጫው ትንሽ ዝቅ ካለ እገዛው አለ።

ካላለስ? ብዙዎች ወዲያው ፓምፕ ግዢ ይሮጣሉ፤ ችኮላ ነው። የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ፣ አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ ወይም ሰርቮው ራሱ ሊሆን ይችላል። የቫኩም መለኪያ ያለው ጋራዥ ፓምፑ ላይ በቀጥታ ሰክቶ ጥፋተኛውን ይለያል።