ብሎኬት ከመግዛታችሁ በፊት ወረቀቱን ጠይቁ

(ጃሚዓ፣ በዓርብ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ከብሎኬትና ከሲሚንቶ በፊት ስለሚመጣው ነገር፣ ስለ ግንባታ ፈቃድ ነው። ብዙዎቻችን እዚህ የምንደክመው አገር ቤት መጠለያ ለመሥራት ነው። ሪያሉን እንልካለን፤ መሠረቱ ወጣ፣ ግድግዳው ቆመ፣ ቆርቆሮው ተመታ እያሉ ፎቶ ይልኩልናል። «ፈቃዱንም አንስታችሁ ላኩልኝ» የምትል ግን ስንት ናት?

ኢቃማ የሌለው ሰው እንዴት እንደሚኖር እናውቃለን። የቱንም ያህል ሥራ ቢችል፣ አሥር ዓመት ቢቆይ፣ የተያዘ ቀን መንገዱ ወደ ሸሜሲ ነው። ፈቃድ የሌለው ቤትም እንደዚያው ነው። ጂዳ ላይ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ እነ ጉለይል፣ እነ ፔትሮሚን ሲፈርሱ አይተናል። ሕጋዊ ሰነድ ያለው ባለቤት የመሬቱም የቤቱም ካሳ ተባለለት፤ ሰነድ የሌለው ግን የመሬት ካሳ የለውም ተባለ።

አገራችንም ሕግ አላት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ያለ ፈቃድ መገንባትን ከልክሏል። ግንባታ ማለት አዲስ ቤት ብቻ አይደለም፤ የነበረውን ማሻሻልም፣ አገልግሎቱን መለወጥም ይጨምራል። ቀለም መቀባት ሌላ ነገር ነው። ክፍል መቀጠል፣ ፎቅ መጨመር፣ መኖሪያውን ሱቅ ማድረግ ግን ፈቃድ ያስጠይቃል። ያ አዋጅ ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ በሦስት ምድብ ከፍሏል። በዚያ አከፋፈል እኛ የምንሠራው ዓይነት ትንሽ መኖሪያ ቤት ምድብ ሀ ነበር፤ ፎቁ ሲጨምር ምድቡም መስፈርቱም ከፍ ይል ነበር። ሕግ ስለሚሻሻል ደግሞ አሁን የሚሠራበትን ከከተማው ግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት አስጠይቁ።

ስለዚህ ብር ከመላካችሁ በፊት እነዚህን በፎቶ አስልኩ፦

1. ካርታው። በማን ስም ነው? ስፋቱ ስንት ነው? ለመኖሪያ ነው ወይስ ለሌላ?
2. ማኅተም ያረፈበት ፕላን።
3. የግንባታ ፈቃዱ። ቁጥሩ፣ ቀኑና የተፈቀደው ፎቅ ከፕላኑ ጋር ይመሳሰላል?

«መብራት ገብቷል፣ ግብርም ተከፍሏል» ቢሏችሁ፣ እሱ ፈቃድ አይደለም። «ከገበሬ ገዝተንልሻል፣ ሽማግሌዎችም ፈርመዋል» ቢሏችሁ ደግሞ ቁሙ! በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ካርታ የለም፤ ካርታ ከሌለ ፈቃድ የለም። የጨረቃ ቤት የምንለው ይኸው ነው። ከመካከላችን አንዲት እህት የስድስት ዓመት ደመወዟን እንዲህ ባለ ቦታ አፍስሳ፣ ቤቱ በአንድ ጠዋት ፈረሰ። ወንድሟ ሌባ አልነበረም፤ ደላላውን አምኖ ነው።

እኛ እዚህ ሆነን ሌላ ሰው ስለሚያስፈጽምልን ውክልናም ያስፈልጋል። ጂዳ ባለው ቆንስላችን ስትሰጡ «ፕላን እንዲያሠራ፣ የግንባታ ፈቃድ እንዲያወጣ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። እንዲሸጥ ወይም በብድር እንዲያስይዝ ካልፈለጋችሁ ያንን አታስጽፉ። ከመፈረማችሁ በፊት ቃል በቃል አስነብቡ።

ወረቀት መጠየቅ ወንድምን መጠርጠር አይደለም፤ እሱንም ከደላላ ማዳን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ! የሚቀጥለው ዓርብ ያላችሁን ሰነድ በስልካችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ማንበብ የሚከብዳት ካለች አብረን እናነባለን።