ለዲፕሎማው የሚያምር፣ ለመድኃኒቱ የሚነበብ



«ሐኪም ስለ ፊደል ቅርጽ ምን አገባት?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ፤ መጨረሻው ሕመምተኛ ጋ ነው።

ጣሊያናዊው ጃምባቲስታ ቦዶኒ (1740–1813 እ.ኤ.አ.) በፓርማ ከተማ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራ የላቲን ፊደል ቀረጸ። ቋሚው መስመር ወፍራም ነው፤ አግዳሚው ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ። በፓሪስም የዲዶ ቤተሰብ ተመሳሳይ ፊደል ሠራ። ቮግን የመሰሉ የፋሽን መጽሔቶች አሁንም ስማቸውን በዚህ ዓይነት ፊደል ያትማሉ። ጎላ ብሎ ሲታተም ግርማው ልዩ ነው።

ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። የብራና ጸሐፊዎቻችን በመቃ ብዕር ሲጽፉ እግሩን ያወፍራሉ፣ ማያያዣውን ያቀጥናሉ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ የተባለው የኮምፒዩተር ፊደልም ይህንኑ መልክ ይዟል። ለዲፕሎማ፣ ለሠርግ መጥሪያ፣ ለዚህ መጽሔት ሽፋን ቢውል ደስ ይለኛል።

ጣጣው የሚመጣው ፊደሉ ሲያንስና ሲባዛ ነው። በእኛ ፊደል አናባቢውን የምትነግረን አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት። «ቁ»ን ከ«ቀ» የምትለየው በጎን የወጣች ጭረት፣ «ቄ»ን የምትለየው ከእግሩ ሥር ያለች ቀለበት ናት። ሁለቱ ከጠፉ ወርቁ የሚባለው ሰውዬና ወርቄ የምትባለው ሴትዮ ካርዳቸው ላይ አንድ ስም ሆኑ ማለት ነው። የደም ምርመራ ውጤት ይዞ ለቆመ ባለሙያ ይህ ቀልድ አይደለም።

እስቲ ወደ ዋግ ኽምራ እንሂድ። የዝቋላ ወረዳ ከተማ ጽጽቃ ስሟ ራሱ ፈተና ነው፤ ሁለት «ጽ»፣ ቀጥሎ «ቃ»። አንድ ቅጽ ከሰቆጣ ተልኮ ኮፒ ይደረጋል፤ ኮፒውም መልሶ ኮፒ ይደረጋል። ቀለሙ እየሳሳ ሲሄድ ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ መስመር ነው። በዚያ አገር ደግሞ አፉን በኽምጣና የፈታ ብዙ ሰው አለ። አማርኛ አፍ መፍቻው የሆነ ሰው የጎደለውን ከዐረፍተ ነገሩ ገምቶ ይሞላል፤ ቋንቋውን በኋላ የተማረ ግን ያየውን ብቻ ያነባል። መድኃኒቱንም የሚወስደው እንዳነበበው ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ለገጠር ጤና ጣቢያዎች ካርድ ወይም በራሪ ጽሑፍ ሲያሳትም፣ ውፍረቱ እኩል የሆነ ፊደል ይምረጥ። ለምሳሌ በዊንዶውስ ውስጥ ያለው ኢብሪማ ለዚህ ይሆናል። መጠኑም ከፍ ይበል። ከዚያ ሦስት ጊዜ ኮፒ ከኮፒ አድርጋችሁ፣ ጽሑፉን አይቶት ለማያውቅ ሰው አስነብቡት። አንዲት ፊደል ላይ እንኳ ከተደናቀፈ ማተሚያ ቤት አትላኩት።

መምህሮቻችንም የመድኃኒት ማዘዣ አጻጻፍ ስታስተምሩ ይህችን ጉዳይ ጣል አድርጉልን። መጠኑን በትክክል ያዘዘ ሐኪም ሥራውን የጨረሰው ሕመምተኛው በትክክል ሲያነበው ነው።