የአራስ ቤት ዳቦና የባለሙያ እጅ

ለማኅበሩ አባላት ዓመታዊ ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር



በአማርኛ «ባለሙያ» የሚለው ቃል ሁለት ሰዎችን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛዋ ተምራና ተመርቃ፣ ነጭ ጋወን ለብሳ በጤና ጣቢያ የምታገለግለው ናት። ሁለተኛዋ የምስክር ወረቀት የላትም፤ ምስክሯ የጋገረችው ዳቦ፣ ያወጣችው እንጀራና የሠራችው ወጥ ነው። በሰፈር «እገሊት እኮ ባለሙያ ናት» ሲባል ብዙውን ጊዜ የምትታሰበው ይህች ሁለተኛዋ ናት። የዚህ ንግግር ዓላማ ሁለቱ ባለሙያዎች በአንድ ደጃፍ የሚገናኙበትን ወቅት መመርመር ነው፤ ይኸውም አንዲት ሴት የወለደች ሰሞን ነው።

ከአዲስ አበባ ሰፈሮች መካከል ልደታ ለዚህ ጉዳይ መመረጡ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቃሉም በግእዝ «የእርሷ ልደት» ማለት ነው። ጥቁር አንበሳና ባልቻ ሆስፒታሎች የሚገኙትም በዚሁ ክፍለ ከተማ ስለ ሆነ፣ በልደታ ስለ ወሊድ መናገር ስለ ሰፈሩ የዘወትር ኑሮ መናገር ነው።

በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን የድንግል ማርያም ልደት ሲከበር፣ እዚህም ሆነ በሌሎች የከተማይቱ ሰፈሮች ጎረቤት ከቤቱ ወጥቶ በግቢና በመንገድ ዳር ይሰበሰባል። በትውፊቱ መሠረት ኢያቄምና ሐና ልጃቸውን የወለዱት ከቤታቸው ርቀው በሊባኖስ ተራራ ስለ ነበረ፣ በዓሉም የሚከበረው በደጅ ነው። ሁሉም ያለውን ያዋጣል፤ የስንዴ፣ የባቄላና የሽምብራ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ዳቦ ይቆረሳል፤ ቡና ይፈላል። ልብ ብሎ ለተመለከተው፣ ይህ በዓል ከዘመድ ርቃ የወለደች የአንዲት አራስ መታሰቢያም ነው። ጎረቤት በየዓመቱ አንድ ጊዜ በደጅ የሚያሳየው መተባበር፣ በቀሩት ቀናት በየአራስ ቤቱ የሚፈለግ መተባበር ነው።

በበዓሉ መካከል የሚቀመጠው ድፎ ዳቦ ስለዚሁ መተባበር ብዙ ይናገራል። የስንዴው ዱቄት ከተነፋ በኋላ በእርሾ፣ በጨውና በለብታ ውሃ ይቦካል፤ እንደየቤቱ ልማድ ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ ይጨመርበታል። ሊጡ እጅ እስኪለቅ ድረስ ይታሻል፤ ከዚያም ተሸፍኖ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። በምጣዱ ላይ የኮባ ቅጠል ይነጠፋል፤ ሊጡ ይገለበጥበታል፤ በላዩም ሌላ ቅጠል ይሸፈናል። ከሥሩ እሳት ይነዳል፤ ከክዳኑም በላይ ፍም ይደረጋል። እሳቱ ከበረታ ዳቦው ሳይበስል ይቃጠላል፤ ከደከመም ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ባለሙያዪቱ ይህን ሁሉ የምትለካው ያለ ሰዓትና ያለ ሙቀት መለኪያ፣ በሽታውና በእጇ ነው።

ከዚህ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው የዳቦው ትልቅነት ነው። ድፎ ዳቦ የብቸኛ ሰው ምግብ አይደለም። ገና ሲቦካ ብዙ ሰው እንደሚበላው ታስቦ ይቦካል፤ ሲቆረስም ተመርቆ ለሁሉም ይታደላል። በላተኛውም «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ብሎ የጋገረችውን ይመርቃል። ምርቃቱ ለዳቦው ሳይሆን ለእጇ መሆኑ ያለ ነገር አይደለም፤ ቤቱ የሚኖረው በዚያ እጅ ነውና።

ምግብ መውደድ ሲባል ሆዳምነት የሚመስለው ሰው አለ፤ ሆኖም ሁለቱ እጅግ የተለያዩ ናቸው። ሆዳም የሚያስበው ስለ ራሱ ጉርሻ ነው። ምግብ ወዳድ ግን እህሉን ከገበያ ጀምሮ ይመርጣል፤ ጤፉን በመዳፉ ዘግኖ ያያል፤ ቅቤውን ያሸታል፤ የሠራውንም ሌላው ሲበላ ሲያይ ይጠግባል። እንዲህ ያለች ሴት በልደታ መንደሮች ብርቅ አይደለችም። ቀኗ የሚጀመረው ማታ የተቦካውን ሊጥ ገልጦ በማየት ሲሆን፣ የሚፈጸመውም ለነገው በማሰብ ነው። ታዲያ ይህች ሴት ስትወልድ ምን ይሆናል? ሌላውን ስትመግብ የኖረች እጅ ሕፃን ታቅፋለች፤ እስከ ትናንት መጋቢ የነበረችው ዛሬ ተመጋቢ ትሆናለች። የዚህ ንግግር ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው፤ ወላድን መመገብ የሚጀመረው ምን ትብላ ከማለት ሳይሆን ማን ይሥራላት ከማለት ነው።

ነባሩ ባህል ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረው። ምጡ በሰላም ሲያልፍ እልልታ ይሰማል፤ ጎረቤትም «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» እያለ ይገባል። የገብስ ገንፎ ይገነፋል፤ መካከሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል፤ ሴቶቹም ከበው አብረው ይበላሉ። በቀጣዮቹ ቀናት በአጃ ወይም በገብስ ዱቄት የተሠራ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ዶሮና ሥጋ እንደየአቅሙ ይቀርባል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ፣ እናቲቱ አራስ ተብላ ትታረሳለች። ጎረቤቷ የየትኛውም እምነት ተከታይ ይሁን፣ አንዷ ትጋግራለች፣ ሌላዋ ታጥባለች፣ ሦስተኛዋ ሕፃኑን ትይዛለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው በአራስ ቤት በተግባር ይታይ ነበር።

የሥነ ምግብ ትምህርት ይህን ልማድ ሲመዝነው አብዛኛውን ደግፎ ጥቂቱን ያርማል። የምታጠባ እናት በቀን ከወትሮው 500 ያህል ኪሎ ካሎሪ ተጨማሪ ኃይል ያስፈልጋታል፤ ገንፎውና አጥሚቱ ይህን ለመሸፈን የሚረዱ ናቸው፤ አጥሚቱ ፈሳሽም ይሰጣል። ጤፍ በብረት ማዕድን የታወቀ እህል ነው፤ ሊጡ ለቀናት በእርሾ ሲብላላም ብረቱንና ዚንኩን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ ሰውነት ይበልጥ ይጠቀምባቸዋል። ስለዚህ የባልትና ባለሙያዪቱ «ሊጡ በደንብ ይቡካ» ማለቷ ከጣዕም ያለፈ ቁም ነገር አለበት።

መታረም ያለበትም አለ። የመጀመሪያው ቢጫ ወተት፣ እንገር፣ ታልቦ የሚደፋባቸው ቤቶች አሉ፤ እርሱ ግን ለሕፃኑ እንደ መጀመሪያ ክትባት የሚቆጠር ነው። ለጨቅላው ቅቤ ማላስ፣ ስኳር ውሃ ወይም አብሽ ማጠጣት ጉዳት ያመጣል፤ ማርም ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ጡት በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት እንዲጀመር፣ እስከ 6 ወርም ከጡት ወተት በቀር ውሃ እንኳ እንዳይጨመር ነው። አራሷን በተመለከተ ደግሞ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያግዱ ከማዕዱ ማራቅ ይገባል፤ በአራስ ገበታ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሱት ጎመን፣ ካሮትና ፍራፍሬም ቦታ ሊያገኙ ይገባል።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል፣ ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ምግብ ሲያስገኝ የተከተለው መንገድ ለዚህ ዓይነቱ ምክር ምሳሌ ይሆናል። ከቤተሰቡ ማጀት የማይጠፋውን እህልና ጥራጥሬ መነሻ አድርጎ የጎደለውን ሞላ እንጂ፣ ማጀቱን አልናቀም። ለአራስ ቤት የሚሰጥ ምክርም ገንፎውን ከማንቋሸሽ ይልቅ ከጎኑ ጎመን ቢያስቀምጥ ተሰሚነቱ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ ምክሩ ሁሉ የሚያርፈው በሚጋግር እጅና በሚጋገርበት ስፍራ ላይ ነው፤ በልደታ ደግሞ የተለወጠው ይኸው ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በተካሄደው መልሶ ማልማት የጭቃ ቤቶቹና የጋራ ግቢዎቹ ፈርሰው በምትካቸው ኮንዶሚኒየሞችና ሕንፃዎች ቆመዋል። ብዙ ነዋሪ ከጭስ፣ ከሚያፈስ ጣሪያና ከጋራ መጸዳጃ ተገላግሏል፤ ይህ በቀላሉ የሚታይ ጥቅም አይደለም፤ በተለይም የማገዶ ጭስ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ሳንባ ጠላት ነውና። ነገር ግን ከግቢው ጋር የጋራ ማድቤቱ፣ ከማድቤቱም ጋር ሳትጠራ የምትመጣው ጎረቤት ቀረች። አንዳንዱ ቤተሰብ ወደ ከተማዪቱ ዳር ተዛወረ፤ የቀረውም በፎቅና በተዘጋ በር ተለያየ። በአራተኛው ፎቅ ያለች አራስ እንደ ዱሮው በሽታ አትታወቅም፤ የገንፎዋ መዓዛ ደረጃውን ወርዶ ጎረቤት አይጠራላትም።

የሥራውም ዓለም ተለውጧል። የ1985ቱ የሠራተኛ ሕግ ለወላድ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ይሰጥ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን ወደ 90 ቀን ከፍ አድርጎ ከወሊድ በፊት ያለውን 30 ቀን አጽንቷል፤ ለአባትም 3 ቀን ፈቅዷል። ይህ መሻሻል ሊመሰገን ይገባል። ቢሆንም ሦስት ቀን የጤፍ ሊጥ ተቦክቶ፣ አብሲት ተጥሎበት ለምጣድ እስኪደርስ ከሚፈጀው ጊዜ እምብዛም አይበልጥም፤ አባትየው የመጀመሪያዋን እንጀራ ሳያወጣ ፈቃዱ ያልቃል። 90 ቀንም ቢሆን ከ6 ወሩ የጡት ማጥባት ጊዜ ግማሹ ነው። ከዚህም በላይ ሕጉ የማይደርስላቸው አሉ፤ የቤት ሠራተኛዋ፣ የጉልት ነጋዴዋ፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው ሴት። ይህች የመጨረሻዋ ለብዙ ቤት የምትጋግር ሆና ሳለ ለራሷ አራስነት የሚጋግርላት ላታገኝ ትችላለች። ከላይም ከታችም እሳት የሚነድበት ሰው «እንደ ድፎ ዳቦ ሆነ» ይባላል፤ አባባሉ ሕፃን አዝላ ምጣድ ፊት ለቆመች እናት በእውነትም ይስማማል፤ ለሕፃኑም የቃጠሎ አደጋ አለበት።

ብቸኝነቱ በአእምሮም ላይ ይሠራል። ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ሆድ መባስና እንባ ብዙ እናቶችን ያገኛል፤ በአብዛኛውም በራሱ ያልፋል። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ፣ እናቲቱ ልጇን ከጠላች ወይም ራሷን ለመጉዳት ካሰበች ግን ሕክምና የሚያሻው የመንፈስ ጭንቀት ነው። ምግብ ወዳድ የነበረች ሴት ጣዕም ሲጠፋባትና ማጀቷን መግባት ስትጠላ፣ ይህ ስንፍና ወይም ቅምጥልነት ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም፤ ምልክት ነው። በተቃራኒው፣ ሰውነቷ ሲጠና ከሕፃኑ እንቅልፍ ላይ ጥቂት ጊዜ አግኝታ ትንሽ ዳቦ በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር ብትሻ፣ ይህ ወደ ራሷ የመመለስ ጅምር ነውና ይበረታታ። ልዩነቱ በፈቃድዋ መሆኑ ላይ ነው፤ ለጠያቂ እንግዳ ለማቅረብ ስትል የምትጋግር አራስ እያረፈች አይደለም።

እንግዲህ ከማኅበሩ አባላት ምን ይጠበቃል? አንደኛ፣ እናቲቱ ከጤና ተቋም ስትወጣ «ይህን ብይ» ከማለት አስቀድሞ «ቤትሽ ማን አለ? ማንስ ይሠራልሻል?» ተብላ ትጠየቅ። መልሱ «ማንም» ከሆነ ምክሩ ሁሉ በዚያው መጠን ይቀየር፤ በአንድ እጅ የሚበላ፣ በቶሎ የሚደርስ፣ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚቆይ ምግብ ይታሰብ፤ በሶና ቆሎ ለዚህ የታወቁ ናቸው። ሁለተኛ፣ ባል በእርግዝና ክትትል ጊዜ አብሮ ሲመጣ አጥሚት ማፍላትንና ገንፎ ማገንፋትን ይማር፤ ወንድ ማጀት መግባቱ ነውር የነበረበት ዘመን አራሷን አይጠቅማትም። ሦስተኛ፣ በኮንዶሚኒየም ግቢዎች ለመጋገርና ለመሰል ሥራ የተሠሩት የጋራ ቤቶች ለታሰቡለት አገልግሎት ይጠበቁ ዘንድ የነዋሪዎችን ማኅበራት ማነጋገር ያስፈልጋል። ዕድሮች ለኀዘንተኛ ድንኳን እንደሚተክሉ ሁሉ ለወላድም ተራ ገብተው ቢጋግሩ፣ ለሞት የተደራጀው መተባበር ለልደትም ይውላል።

የሰለጠነችው ባለሙያ የደም ማነስን ትመረምራለች፤ የሰፈሯ ባለሙያ ገንፎውን ታገነፋለች። አንደኛዋ ያለ ሁለተኛዋ ወረቀት ብቻ ትጽፋለች፤ ሁለተኛዋም ያለ አንደኛዋ እንገሩን ልትደፋ ትችላለች። አራሷ የምትጠናው በሁለቱ እጅ ነው፤ ስለዚህ በልደታም ሆነ በየትኛውም ሰፈር አንዲት ሴት ስትወልድ፣ ሁለቱ ባለሙያዎች ተፈላልገው እንዲገናኙ ማድረግ የዚህ ሙያ ግዴታ ነው።