ለትልቅ አውሬ የሚበቃ ጥይት

የአደን ጥይት ብቃቱ የሚታወቀው አረሩ እስከ እንስሳው ልብና ሳምባ ዘልቆ ሲደርስ ነው። ትልቅ አውሬ በተኩስ ድምፅ ወይም በምት ብርታት ብቻ አይወድቅም፤ የሚወድቀው አንጎሉ ወይም ኅብለ ሰረሰሩ ሲመታ፣ አለዚያም ልቡና ሳምባው ተበስቶ ደሙ ሲፈስ ነው። የአደን ወቅት በቀረበ ቁጥር የሚነሳው "ከሁሉ ኃይለኛው ጥይት የቱ ነው?" የሚል ጥያቄ መልስ የሚያጣውም በዚህ ምክንያት ነው። የሚታደነው እንስሳ፣ የሚተኮስበት ርቀትና የተኳሹ ችሎታ ሳይታወቅ ጥይትን ከጥይት ማበላለጥ አይቻልም።

ጥይት አራት ነገሮችን ይይዛል፤ ከናስ የተሠራ ቀለህ፣ በቀለሁ መቀመጫ ላይ ያለች ትንሽ መለኮሻ፣ ባሩድ፣ እንዲሁም በአፈሙዙ ወጥቶ የሚበረው አረር። አውሮፓውያን ጥይትን የሚሰይሙት በአረሩ ውፍረትና በቀለሁ ርዝመት ነው። በ1892 የወጣው 7 በ57 ማውዘር 7 ሚሊ ሜትር አረርና 57 ሚሊ ሜትር ቀለህ አለው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዞችና አሜሪካኖች በኢንች ይሰፍራሉ፤ 375 የሚባለው የአንድ ኢንች 375 ሺህኛ ማለትም ወደ 9.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 30-06 የሚባለው ደግሞ ውፍረቱ የኢንች 30 መቶኛ ሆኖ የአሜሪካ ጦር በ1906 የተቀበለው ጥይት ነው።

በስያሜው ላይ ተደጋግሞ የሚሠራ ስህተት አለ። የክላሽንኮቭ ጥይት 7.62 ነው፤ የ30-06 አረርም በሚሊ ሜትር ሲሰፈር 7.62 ይባላል። ከዚህ ተነስቶ ሁለቱን እኩል የሚቆጥር ብዙ ሰው አለ። የክላሽ አረር 8 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ጉልበቱም 2,000 ጁል አካባቢ ነው። በ30-06 የሚተኮሰው 11.7 ግራም አረር በሰከንድ ከ820 ሜትር በላይ ይበርራል፤ ጉልበቱ ወደ 3,900 ጁል ይጠጋል። ልዩነቱ የመጣው ከቀለሁ ርዝመትና ከሚይዘው ባሩድ ነው፤ አንደኛው 39፣ ሌላው 63 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያ ላይ የጦር ሜዳ አረር ሙሉ በሙሉ በብረት ልባስ የተሸፈነ ስለሆነ በትልቅ እንስሳ ገላ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጠባብ ቀዳዳ ትቶ ያልፋል። እንስሳው ሮጦ ጫካ ይገባል፤ በማግስቱ ጅብ ያገኘዋል። እንዲህ ያለውን አተኳኮስ አደን ብሎ መጥራት አይገባም።

ሁለተኛው ስህተት የጥይት ካርቶን ላይ የተጻፈውን ጁል እንደ መጨረሻ ፍርድ መቀበል ነው። ጉልበት የሚሰላው የአረሩን ክብደት በፍጥነቱ ካሬ አባዝቶ ለሁለት በማካፈል ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን ሒሳቡ ለፈጣን አረር ያዳላል። በ1963 የወጣው 300 ዊንቸስተር ማግነም 11.7 ግራም አረር በሰከንድ 900 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል፤ ጉልበቱ 4,700 ጁል ይሆናል። በ1905 ኦቶ ቦክ የተባለ የበርሊን ጠመንጃ ሠሪ ያወጣው 9.3 በ62 ደግሞ 18.5 ግራም አረር በሰከንድ 720 ሜትር ገደማ ይልካል፤ ጉልበቱ 4,800 ጁል አካባቢ ነው። በወረቀት ላይ ወንድማማች ይመስላሉ። ከባድ አጥንትና ወፍራም ጡንቻ ባለው ጎሽ ላይ ግን ከባዱ የ9.3 አረር አቅጣጫውን ሳይስት ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ፈጣኑና ቀላሉ አረር፣ በተለይ ለስላሳ ጫፍ ያለው ከሆነ፣ ገና ትከሻው ላይ ተሰባብሮ ሊቀር ይችላል። ደግሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ጁል ብቻውን አውሬ አይጥልም።

ዘልቆ መግባትን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የአረሩ ክብደት ከውፍረቱ ጋር ሲነጻጸር ነው፤ እንደ ወስፌ ለውፍረቱ ረጅምና ከባድ የሆነ አረር በትንሽ ጉልበት ጠልቆ ይገባል። ሁለተኛው የአረሩ አሠራር ነው። ጫፉ ለስላሳ የሆነው አረር የእርሳስ እምብርትና የመዳብ ልባስ አለው፤ ገላ ሲነካ እንደ ጃንጥላ ይከፈትና ሰፊ ቁስል ያደርሳል። ድፍን አረር ግን ቅርጹን ሳይለውጥ አጥንት ሰብሮ ያልፋል፤ ለዝሆን የሚመረጠውም እሱ ነው።

የአሠራሩን ጠቀሜታ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የጆን ኖስለር ታሪክ ነው። ይህ አሜሪካዊ በ1946 በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሙስ የተባለውን ግዙፍ የአጋዘን ዘር ሲያድን፣ ጭቃ የደረቀበት ቆዳ የለበሰ ወንድ ሙስ ደጋግሞ ቢመታም እንስሳው አልወደቀለትም። ጥይቱ 300 ሆላንድ የተባለው ፈጣን ጥይት ነበር፤ ጉልበትም አላነሰውም። አረሮቹ ግን ከፍጥነታቸው የተነሳ ከላይ ከላይ ተሰባብረው ወደ ውስጥ አልዘለቁም። ኖስለር መሐሉ በመዳብ ግድግዳ የተከፈለ አረር ሠራ፤ የፊተኛው ክፍል ይከፈታል፣ የኋለኛው እንዳለ ሆኖ ይገፋል። በ1948 ለገበያ የዋለው ይህ አረር የጠመንጃውን ዓይነትም የባሩዱን መጠንም ሳይነካ የአደኑን ውጤት ቀየረ።

ከዚህ በኋላ ጥይቶቹን በየእንስሳው መመደብ ይቻላል። ለመካከለኛና ከፍ ላለ ሰኮናማ እንስሳ 7 በ57፣ 30-06 እና 300 ዊንቸስተር በቂ ናቸው። የኢትዮጵያ ብርቅዬ የሆነው የደጋ አጋዘን የዚህ ምድብ ነው። ሜጀር አይቮር ባክስተን በ1908 ከገደለው እንስሳ ተነስቶ ሪቻርድ ላይደከር በ1910 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ይህ እንስሳ ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ በዋናነት በባሌና በአርሲ ከፍታዎች ይኖራል፤ ወንዱ ከ180 እስከ 300 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ቁጥሩ የተመናመነ በመሆኑ የሚታደነው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በሚሰጠው ፈቃድ፣ በተከለለ ቦታ፣ በተወሰነ ቁጥር ብቻ ነው። አንድ እንኳ ቆስሎ ቢጠፋ ለዝርያው ትልቅ ጉዳት ነው።

በባሌ ተራሮች ተኩሱ ብዙ ጊዜ ሸለቆ ተሻግሮ ስለሚሆን ፍጥነት ያለው ጥይት ይጠቅማል። በ3,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አንጻር ሩብ ያህል ስለሚሳሳ አረሩ ፍጥነቱን ቶሎ አያጣም፤ ርቆ ሲሄድም የሚወርደው ባነሰ መጠን ነው። ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች በተዳፋት ሲተኮስ ደግሞ የአረሩን መውረድ የሚወስነው አግድም ርቀቱ እንጂ የዓይን ርቀቱ አይደለም። በቆላ የተስተካከለ ጠመንጃ ደጋ ላይ ከታሰበው ቦታ ከፍ አድርጎ የሚመታው በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ነው። ጠመንጃን አደኑ በሚካሄድበት ከፍታ እንደገና ተኩሶ ማስተካከል ግዴታ ነው።

ለጎሽ፣ ለአንበሳና ለዝሆን የሚሆኑት ከ375 ጀምሮ ያሉት ናቸው። በ1912 የወጣው 375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ 19.4 ግራም አረር በሰከንድ 770 ሜትር ገደማ ይልካል፤ ጉልበቱ 5,800 ጁል አካባቢ ነው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ አውሬ ዝቅተኛ ወሰን ሆኖ ያገለግላል። በ1911 የወጣው 416 ሪግቢ 26 ግራም የሚጠጋ አረር ይዞ ከ6,900 ጁል ይደርሳል። ቀለሁ ሰፊ የሆነው በምክንያት ነው። የዚያ ዘመን እንግሊዛዊ ባሩድ ኮርዳይት በሙቀት ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊት ሲበዛ የተተኮሰው ቀለህ ማጉረሻው ውስጥ ተጣብቆ አልወጣም ይላል። ጎሽ ሊወጋ ሲመጣ ቀለህ የተጣበቀበት ሰው ዕድል የለውም። ስለዚህ ባሩዱን በሰፊ ቀለህ ውስጥ አስቀምጠው ግፊቱን ዝቅ አደረጉት። በ1956 የመጣው 458 ዊንቸስተር በተለመደው ጠመንጃ እንዲገባ ሲባል ቀለሁ አጠረ፤ ባሩዱም በኃይል ታጨቀ። አንዳንዱ ባሩድ ከጊዜ ብዛት ተጋግሮ ፍጥነቱ ከተባለው ወረደ። በ1959 ሞዛምቢክ ውስጥ ጎሽ የጎዳው አዳኝ ጃክ ሎት በኋላ ቀለሁን ወደ 71 ሚሊ ሜትር አስረዝሞ 458 ሎት የተባለውን አወጣ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆን የገደለው ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል (1880–1954) አብዛኛውን የገደለው በ7 በ57 መሆኑ ዘወትር ጥያቄ ያስነሳል። ጥያቄው በደንብ ሊመረመር ይገባዋል። ቤል በኡጋንዳ ካራሞጃ ይበልጥ ቢታወቅም በምዕራብ ኢትዮጵያ በጊሎ ወንዝ በኩልም አድኗል። የሚተኩሰው 11.2 ግራም የሚመዝን ረጅም ድፍን አረር በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ ብቻ ይጓዝ ነበር፤ ለውፍረቱ ከባድ በመሆኑ ግን በዝሆን የራስ ቅል ውስጥ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቤል የሞተ ዝሆን ራስ በመጋዝ አስተርትሮ አንጎሉ ከየአቅጣጫው የት እንደሚገኝ አጥንቷል። ጥይት ሳያጎርስ ማነጣጠርና ምላጭ መሳብ የዕለት ልምዱ ነበር። ርግጫው ቀላል የሆነ ጠመንጃ ስለያዘ ሲተኩስ ዓይኑን አይጨፍንም፤ ድምፁም አነስተኛ ስለነበር መንጋው ቶሎ አይበረግግም።

ከቤል ታሪክ "ትንሽ ጥይት ይበቃል" የሚል ትምህርት የሚወስድ ሰው ግማሹን ብቻ ሰምቷል። ቤል የመረጠውን ማዕዘን እስኪያገኝ ይጠብቃል፤ ካላገኘ ይተዋል። ዛሬ አንድ ጎሽ ለማደን ጥቂት ቀን ብቻ ያለው አዳኝ፣ በጥሻ ውስጥ በሃያ ሜትር ርቀት ድንገት ሊወጋው ከሚመጣ ጎሽ ጋር ሲገናኝ ያ ምርጫ የለውም። ትልቁ ጥይት የሚያስፈልገው ለዚያች ቅጽበት ነው። ከቤል የሚወሰደው ትምህርት የእንስሳው የሰውነት አቋም እውቀት፣ ዘልቆ የሚገባ አረርና ዕለታዊ ልምምድ ነው።

ርግጫም በንጽጽሩ ውስጥ መቆጠር አለበት። የ375 ርግጫ ከ30-06 እጥፍ ገደማ ነው፤ የ458ቱ ከዚያም ይበልጣል። ርግጫ የፈራ ተኳሽ ምላጩን ይመነጭቃል፤ አረሩም ከልብ አልፎ ሆድ ይመታል። ስለዚህ አዳኝ ሊይዝ የሚገባው ጥይት ለእንስሳው ከሚበቁት መካከል እሱ በደንብ የሚተኩሰው ነው። የርቀቱ ወሰንም በዚሁ ይታወቃል፤ ቆሞም ሆነ በሹካ እንጨት ተደግፎ ሁሉንም አረር 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ የሚያሳርፍበት ርቀት የእሱ ወሰን ነው፤ ከዚያ አልፎ መተኮስ የለበትም።

እንስሳው በጎኑ ሲቆም አረሩ ማረፍ ያለበት በፊት እግሩ ቀጥታ፣ ከደረቱ በታችኛው ሲሶ ላይ ነው። ጎሽ ከተመታ በኋላም እስኪወድቅ ድረስ ተኩሱ ይደገማል፤ የወደቀውም በኋላው በኩል ይቀረባል፣ ዓይኑ ተነክቶ አለመንቀሳቀሱ ይረጋገጣል። እንስሳው ቆስሎ ካመለጠ ደሙን ተከትሎ መፈለግና ሥቃዩን ማሳጠር የአዳኙ ግዴታ ነው።