ሳንታመም እናዋጣ

ለአጥቢያ ጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



እድርን የማያውቅ ማን አለ? በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እናዋጣለን፤ ሐዘን ሲደርስ ድንኳን ይተከላል፣ ለቀስተኛው ይስተናገዳል። ለሞት እንዲህ አስቀድመን ስንዘጋጅ፣ ለበሽታ ግን የምንሯሯጠው ከታመምን በኋላ ነው። ያን ጊዜ በሬው ይሸጣል፣ ብድር ይገባል። የሚሸጠው የሌለው ደግሞ ከቤቱ ተኝቶ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ የተሰበሰቡ መንግሥታት ጤና ለሁሉም እንዲዳረስ ተስማምተው ነበር። በአገራችንም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበዋል፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ልዩነቱ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ በአዲስ አበባ ከ100 ወሊድ 97ቱ በጤና ተቋም ሲሆን፣ በአፋር 15 ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ከእድር ጋር ይመሳሰላል። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ ሲታመም በጤና ጣቢያ ይታከማል፤ ሕመሙ ከጠና በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይላካል። ለድሆች ድሃ መንግሥት ይከፍልለታል።

እንግዲህ ችግሩ ወዴት ነው? በነፃ የሚመዘገቡት ድሆች ቁጥር በጀቱ በሚፈቅደው ልክ ነው። ከእነርሱ በጥቂት ትሻላለች የተባለች እናት ራስዋ ክፈዪ ትባላለች፤ ግን ከየት ታመጣለች? ምዝገባውም ወቅት አለው፤ ካለፈ በኋላ የታመመ ሰው የከርሞውን ይጠብቃል። ደብተር የያዘውም ቢሆን፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ካለቀበት «ከውጭ ግዛ» ይባላል። ስለዚህ ደብተር መያዝና መታከም ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ብዙ ጉባኤዎች ሕመምተኛ ደጃቸው ሲመጣ ለመድኃኒት ይረዱታል። መልካም ነው። ነገር ግን ለአንድ ሰው ከባድ ሕክምና የምናወጣው ገንዘብ፣ አስቀድሞ ቢከፈል የብዙ ቤተሰብ የዓመት መዋጮ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንድታደርጉ አሳስባችኋለሁ።

አንደኛ፣ የምዝገባው ወቅት ሳይደርስ በአካባቢያችሁ መክፈል ያቃታቸውን፣ የእኛ አባል ይሁኑ አይሁኑ ሳትለዩ፣ ቤት ለቤት እየሄዳችሁ እወቁ፤ መዋጮአቸውንም ክፈሉላቸው።

ሁለተኛ፣ ቀበሌው ድሆችን በሚለይበት ስብሰባ ተገኙ። ተናጋሪ የሌለው አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛና ከሌላ አገር የመጣ ስደተኛ ወገን ስሙ እንዳይዘለል አስታውሱ።

ሦስተኛ፣ የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ከጤና ጣቢያው የትኛው መድኃኒት በየትኛው ቀን እንደታጣ እየመዘገባችሁ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አቅርቡ። የራሳችንን ትንሽ ክሊኒክ ከመክፈት ይልቅ፣ ሁሉም የሚገለገልበት ጤና ጣቢያ መድኃኒት እንዳያጣ መርዳት ይሻላል።

እድራችን ማንም ሰው ያለ ቀባሪ እንዳይቀር ይተጋል። ያለ ሐኪም እንዳይቀርስ ማን ይትጋ?